ለዓመት ቀድሞ መክፈል ያዋጣል ወይ? ከመዝናኛ ፓርክ ካርድ እስከ ጤና መድን መታወቂያ

 

ወቅቱ በመርሐ ቤቴ እህሉ ተወቅቶ ጎተራ የገባበት፣ ሰውም እጁ ላይ ጥቂት ገንዘብ የሚይዝበት ነው። ገንዘብ ሲገኝ ደግሞ ጠያቂው ይበዛል። የማዳበሪያው ሂሳብ አለ፣ ግብር አለ፣ የልጆች ልብስ አለ፣ የሠርግ ጥሪ አለ። በዚህ መሀል የቀበሌ ሰዎች መዝገባቸውን ይዘው ይመጡና «ጤና መድኑን ዘንድሮ ታድሳላችሁ ወይ?» ይላሉ። ባልና ሚስት የሚከራከሩት እዚህ ላይ ነው። አንዱ «አምና ከፈልን፣ ከቤታችን ማንም አልታመመም፣ ብራችን በከንቱ ቀለጠ» ይላል። ሌላው «ዘንድሮስ ማን ያውቃል?» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ክርክሩም ሳይቋጭ መዝጋቢው ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል።

ዛሬ ይህን ክርክር እንፈትሻለን። ነገር ግን በቀጥታ አልገባበትም፤ መጀመሪያ ባሕር ማዶ ተሻግሬ፣ በአዲስ አበባም በኩል አድርጌ ልመለስ። «ብሬ ቀለጠ» የሚለው ሂሳብ በትክክል የሚሠራበት ቦታ አለ፤ እሱን ካየን በኋላ የእኛን ጉዳይ መመዘን ይቀለናል።

አሜሪካ ዘመድ ያላችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። እዚያ ትልልቅ የመዝናኛ ፓርኮች አሉ። ሽቅብ ቁልቁል በተጠማዘዘ ሐዲድ ላይ ሰው አሳፍሮ የሚምዘገዘግ ባቡር፣ የውሃ መንሸራተቻ፣ ሰማይ ላይ የሚሽከረከር ወንበር፣ ለልጆች ደግሞ በፊልም የሚያውቋቸው ገጸ ባሕርያት በአካል የሚቀበሏቸው ቦታ። ልጅ አንዴ ካየው ዓመቱን ሙሉ ሲያነሳው ይኖራል። የአንድ ቀን መግቢያው ታዲያ ለአንድ ቤተሰብ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ፓርኮቹ ሌላ ምርጫ ያቀርባሉ፤ የዓመት ካርድ። አንድ ጊዜ ይከፈላል፣ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ በፈለጉት ቀን መግባት ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ክረምት ከመድረሱ በፊት የሚያወጡ የሚያወርዱት ይህንን ነው፤ ካርዱን እንግዛ ወይስ በሄድን ቁጥር እንክፈል?

ሂሳቡ ለአራተኛ ክፍል ተማሪ እንኳ አይከብድም። የካርዱን ዋጋ ለአንድ ቀን መግቢያው ማካፈል ነው። ካርዱ 1,000 ብር፣ የአንድ ቀን መግቢያው 200 ብር ቢሆን መልሱ አምስት ይሆናል። አምስት ጊዜ የሄደ ሰው አልከሰረም፣ አላተረፈምም። ከስድስተኛው ጀምሮ ያለው ሁሉ ትርፍ ነው። ሦስት ጊዜ ብቻ የሄደ ግን 400 ብር ለፓርኩ በነጻ ሰጥቷል። «ብሬ ቀለጠ» ቢል ልክ ነው፤ እዚህ ቦታ ላይ ማንም አይከራከረውም።

200 ብሩን ዝም ብዬ አላመጣሁትም። በ2012 ዓ.ም. መስከረም ላይ አዲስ አበባ ታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ አንድነት ፓርክ ለሕዝብ ሲከፈት የመደበኛው መግቢያ ዋጋ 200 ብር ነበር። የነገሥታቱን አዳራሽና ባለ ጥቁር ጋማ አንበሶቹን ለማየት ከየክፍለ ሀገሩ ሰው ጎረፈ። ብዙም ሳይቆይ ወዳጅነት ፓርክና እንጦጦ ፓርክ ተከተሉ፤ ከእነዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ቦሌ አካባቢ ያለው ቦራ መዝናኛ የአዲስ አበባ ልጆች የልደት ቀን መዋያ ነበር።   

አሁን ከመርሐ ቤቴ፣ ከዓለም ከተማ ተነስቶ አንድነት ፓርክ መግባት የሚፈልግ አባት እናስብ። ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ የጀማን ሸለቆ ቁልቁል ወርዶ፣ ለሚ ወጥቶ፣ በሙከጡሪ በኩል አዲስ አበባ መግባት አለበት። የአምስት ሰው ትራንስፖርት ደርሶ መልስ፣ የአልጋ፣ የምግብ፣ የታክሲ ወጪ አለ። በሩ ላይ የሚከፈለው ከጠቅላላው ትንሿ ክፍል ናት። ለዚህ ሰው የዓመት ካርድ በግማሽ ዋጋ ቢሸጡለት እንኳ መግዛት የለበትም፤ በዓመት ሦስት ጊዜ ያን መንገድ አይመላለስምና። በእግሩ ደርሶ መመለስ ለሚችል ለአራት ኪሎ ነዋሪ ግን ሂሳቡ ሌላ ነው። ስለዚህ ካርዱ ላይ የተጻፈው ዋጋ ብቻውን ምንም አይነግረንም። የቤታችሁ ርቀት፣ የሥራችሁ ጠባይ፣ የልጆቻችሁ ዕድሜ አብሮ መቆጠር አለበት።

ሂሳቡ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ሰው ለምን ይሳሳታል? ምክንያቱም በማካፈሉ ውስጥ አንድ ቁጥር የምናስገባው ከራሳችን ግምት ነው። ስንት ጊዜ እሄዳለሁ? ሰው ስለ ራሱ ሲገምት ቸር ነው። ስቴፋኖ ዴላቪኛና ኡልሪከ ማልመንዲየር የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት አለ። አሜሪካ ውስጥ በሦስት የስፖርት ማዘውተሪያዎች የተመዘገቡ ከ7,700 በላይ አባላትን ተከታተሉ። በወር ከ70 ዶላር በላይ የሚከፍሉት አባላት በአማካይ የሚመጡት በወር 4.3 ጊዜ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይህ ማለት ለአንድ ጊዜ ከ17 ዶላር በላይ እየከፈሉ ነው። ያለ ወርኃዊ ውል፣ አሥር ጊዜ የሚያስገባ ትኬት ቢገዙ ግን አንዱ ጊዜ በ10 ዶላር ይመጣላቸው ነበር። ማንም አላታለላቸውም፤ ሁለቱም ዋጋ በግልጽ ቀርቦላቸው ነበር። ሲመዘገቡ ያሰቡት ግን የዛሬውን ደካማ ሰው ሳይሆን ነገ በጠዋት የሚነሳውን ጎበዝ ነበር።

ሌላም አለ። ኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሁለት የሥነ ልቦና ምሁራን፣ አርክስና ብሉመር፣ ለአንድ ሙሉ የቴያትር ወቅት የሚያገለግል ትኬት ለሚገዙ ሰዎች ሳይነግሯቸው ለአንዳንዱ ቅናሽ አደረጉ፤ ለሌላው በሙሉ ዋጋ ሸጡ። ሙሉ ዋጋ የከፈሉት በወቅቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ላይ ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ቴያትር ተመለከቱ። የከፈሉት ቆጭቷቸዋል። በሁለተኛው አጋማሽ ግን ልዩነቱ ጠፋ። ለካ የከፈልነው ገንዘብ ለጥቂት ወራት ብቻ ነው እንደ አለንጋ የሚገርፈን፤ ከዚያ ይረሳል። የዓመት ካርድ የገዛ ቤተሰብም እንዲሁ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሩጫ ይሄዳል፣ በስተኋላ ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ይተኛል።

ቀድሞ የከፈለ ሰው ሌላም ስጋት አለበት። አገልግሎቱ ሊቋረጥ ይችላል። ካሊፎርኒያ የሚገኘው ዲዝኒላንድ በኮሮና ምክንያት እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2020 ጀምሮ ከአንድ ዓመት በላይ ተዘግቶ ነበር፤ በ2021 መጀመሪያ ላይም የዓመት ካርዱን አሠራር ጨርሶ ሰረዘና ላልተጠቀሙበት ጊዜ የሚደርሳቸውን ለደንበኞቹ መለሰ። ሐበሻው የሚበዛበት የሜሪላንድ አካባቢ ልጆች የሚያውቁት ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ የተባለው ፓርክ ደግሞ በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት 23 ቀን ለመጨረሻ ጊዜ ተከፍቶ እስከ ወዲያኛው ተዘጋ። ታዲያ ካርድ ከመግዛት በፊት «ቢዘጋስ ገንዘቤን ማን ይመልሳል?» ብሎ መጠየቅ ቅብጠት አይደለም።

ሻጩም ግን አንዳንዴ ይሳሳታል። አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በ1981 በ250,000 ዶላር ዕድሜ ልክ፣ ያለ ገደብ፣ በአንደኛ ማዕረግ የሚያበር ትኬት ሸጠ። አየር መንገዱ ያኔ ገንዘብ ቸግሮት ነበርና ጥሩ ሽያጭ መሰለው። ግን ማን ገዛው? በዓመት ሁለቴ የሚበር ሰው አይገዛም። የገዛው ቁርሱን አንድ ከተማ፣ ምሳውን ሌላ ከተማ መብላት የሚወደው ነው። ከዓመታት በኋላ ሂሳቡ ሲመረመር ሁለት ገዢዎች ብቻ እያንዳንዳቸው በዓመት እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ወጪ እንዳስከተሉ ታወቀ። «የፈለጋችሁትን ያህል» ተብሎ የተሸጠ ነገር ሁልጊዜ አብዝቶ የሚጠቀመውን ይስባል። ይህቺን ነገር እባካችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ ታስፈልገናለች።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ጤና መድኑ መዝገብ እንመለስ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአገራችን በሙከራ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው። በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው የደቡብ ክልል በ13 ወረዳዎች። ከክልላችን ከአማራ የተመረጡት ተሁለደሬ፣ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ነበሩ። ከዚያ እየሰፋ ሄዶ ዛሬ ከዳር እስከ ዳር የሚታወቅ ስም ሆኗል። አሠራሩን ታውቁታላችሁ፤ ቤተሰቡ በዓመት አንዴ መዋጮውን ይከፍላል፣ መታወቂያ ይሰጠዋል፣ ሲታመም ጤና ጣቢያ ሄዶ የካርድ፣ የምርመራና የመድኃኒት ሳይከፍል ይታከማል። ከአቅም በላይ ከሆነ ሪፈር ይጻፍለትና ወደ ሆስፒታል ያልፋል።

ከላይ ሲታይ ከፓርኩ ካርድ ጋር አንድ ነው፤ ቀድሞ መክፈል፣ ዓመቱን ሙሉ መጠቀም። ስለዚህም ብዙ ሰው ያንኑ ማካፈል ያካፍላል። «መዋጮው ይህን ያህል፣ ጤና ጣቢያ አንዴ ብሄድ የምከፍለው ይህን ያህል፣ ስንት ጊዜ ሄድኩ?» ይላል። ሁለት ጊዜ ብቻ ከሄደ ከሰርኩ ይላል። ጨርሶ ካልሄደ ተዘረፍኩ ይላል።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ፓርክ የሚገባ ሰው መግባቱን ይፈልገዋል፤ ባልገባ ቁጥር ደስታ ቀርቶበታል። ሆስፒታል መግባትን ግን ማን ይመኛል? በጤና መድን ከሁሉም በላይ ያተረፈው ዓመቱን ሙሉ መታወቂያውን ከሣጥን ያላወጣው ሰው ነው። ጤናውም ገንዘቡም አብሮት አለ። «ስንት ጊዜ ተጠቀምኩ?» ብሎ ማካፈል ለመዝናኛ የተሠራ ሂሳብ ነው። ለጤና የሚሆነው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ክፉው ዓመት ቢመጣ ብቻዬን እችለዋለሁ ወይ?

ይህ ጥያቄ በእኛ ገበሬ ቤት ምን እንደሚመስል እንየው። ሚስት በድንገት ታማ ቀዶ ጥገና አስፈለጋት እንበል፤ ወይም ልጅ ከዛፍ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ጥሬ ገንዘብ ቤት ውስጥ የለም። ያለው በሬ ነው። በሬው በችኮላ፣ ገበያው ባልሆነ ቀን፣ ገዢው በቆረጠው ዋጋ ይሸጣል። በሽተኛው ዳነ፤ እሰየው። ሰኔ ሲመጣ ግን ሰውየው አንድ በሬ ይዞ ቆሟል። ወይ መቀናጆ ይፈልጋል፣ ተራውም እስኪደርሰው ዝናቡ ያልፈዋል፤ ወይ መሬቱን ለእኩል ይሰጥና ምርቱን ይካፈላል። የአንድ ቀን ሕክምና የሦስትና የአራት ዓመት ኑሮ ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። መዋጮው የሚመዘነው ከዚህ ጋር ነው፤ ከጤና ጣቢያው የካርድ ዋጋ ጋር አይደለም። በዓመት አንድ በግ ሸጦ በሬን ማትረፍ እንደ ማለት ነው፤ በሬው ባይነካም በጉ በከንቱ አልሄደም።

አባቶቻችን ይህን ሂሳብ ከመድን ድርጅት አልተማሩትም። እድር አላቸው። በየወሩ ለእድር የሚከፍል ሰው «ዘንድሮ ከቤቴ ሰው አልሞተም፣ ገንዘቤ ይመለስልኝ» ብሎ ዳኛው ፊት ሲቆም ማን አየ? ቢቆም ይሳቅበታል። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ አግዳሚው ወንበር ጎረቤት ቤት ሲተከል ገንዘቡ ሥራ ላይ እንደዋለ ሁሉም ያውቃል። ስለ ሞት እንዲህ አርቀን አስበን ስለ ሕመም ሲሆን የምንጨቃጨቀው ለምን እንደሆነ እኔ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ምናልባት ሞት ለሁሉም እንደሚመጣ ስለምናምን፣ ሕመምን ግን ለሌላው ሰው ስለምንተወው ይሆናል።

ያቺን የአውሮፕላን ትኬት ታስታውሳላችሁ? አሁን ትምጣ። በአንድ አካባቢ 500 አባወራዎች አሉ እንበል፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው። እያንዳንዱ 1,000 ብር ቢያዋጣ 500,000 ብር ይሆናል። ከእነዚህ ውስጥ በዓመቱ 25ቱ ቤቶች ከባድ ሕመም ገጥሟቸው ለእያንዳንዳቸው 20,000 ብር ቢያስፈልግ ገንዘቡ ልክ ይበቃል። አሁን ጤነኞቹ «እኛ አንታመምም» ብለው ቢወጡና ሕመም የሚያዘወትራቸው 100 ቤቶች ብቻ ቢቀሩ፣ የሚሰበሰበው 100,000 ብር ነው። የሚያሳክመው አምስት ቤት ብቻ ይሆናል። ሃያ አምስቱንም ለማሳከም እያንዳንዱ 5,000 ብር ማዋጣት ሊኖርበት ነው፤ ያኔ ደግሞ የቀሩትም ይሸሻሉ። አየር መንገዱን ያከሰረው ይኸው ነው፤ አብዝቶ የሚጠቀመው ብቻ ገዛ።

ለዚህ ነው አንዳንድ ሰው የሚያማርርባቸው ሁለት ደንቦች የተደነገጉት። አንደኛው፣ ምዝገባው በግለሰብ ሳይሆን በቤተሰብ ነው፤ «የታመመችውን እናቴን ብቻ መዝግቡልኝ» አይባልም። ሁለተኛው፣ ምዝገባና እድሳት ወቅት አለው። በሐምሌ ሆዱን ሲቆርጠው ሮጦ የሚመዘገብ ሰው ቢፈቀድለት በጥር የሚከፍል አይኖርም። ደንቡ ክፋት የለበትም፤ ሣጥኑ ባዶ እንዳይሆን የተበጀ ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን ችግር በሕግ ፈትተውታል። ዓለም ከተማ ከጀርመኗ ፋተርሽቴተን ጋር የእህትማማች ከተማ ወዳጅነት አላት። በዚያ አገር ለሠራተኞች የሕመም መድን ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1883፣ በቢስማርክ ዘመን ነው። እዚያ በየዓመቱ «ልግባ ወይስ ልቅር» የሚባል ክርክር የለም፤ ከደመወዝ ይቆረጣል፣ አለቀ። እኛ ዘንድ ደመወዝ የሌለው ገበሬ ስለሚበዛ ማሳመን ያስፈልጋል። ማሳመን ደግሞ ከማስገደድ ይከብዳል፤ የሚሻለው ግን እሱ ነው ባይ ነኝ።

ስለ ጀርመን ካነሳን፣ የትንሽ መዋጮን ነገር መርሐ ቤቴ በደንብ ያውቀዋል። ካርል ሃይንዝ በም የተባለው ኦስትሪያዊ የፊልም ተዋናይ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1981 ጀርመን ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ አንድ ውርርድ አደረገ። ከተመልካቾች ሲሶው እንኳ ለአፍሪካ ረሃብተኞች አንድ ማርክ አያዋጣም ብሎ። ውርርዱን አሸነፈ፤ የተባለው ያህል ሰው አልሰጠም። ቢሆንም ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ተሰበሰበ። በዚያ ገንዘብ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ሰዎች ለሰዎች የተባለውን ድርጅት መሠረተ። ድርጅቱ ኋላ መርሐ ቤቴም ገብቶ ለዓመታት ሠራ፤ ዛሬ ሪፈር ይዘን የምንሄድበት የዓለም ከተማው እናት ሆስፒታልም የዚያው ሥራ ፍሬ ነው። ሕንጻውን ሌሎች አዋጥተው ሠሩልን። በውስጡ የሚታከም ሰው የሚከፍለውን ማዋጣት ግን የእኛው ድርሻ ሆኖ ቀርቷል።

እስካሁን የጤና መድን ጠበቃ ሆኜ ቆምኩ። አሁን ደግሞ ወደ ቅሬታው ልሂድ፤ እሱን ሳያነሱ «አድሱ፣ አድሱ» ማለት ሰውን መናቅ ነውና።

ትልቁ ቅሬታ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» የሚባለው ነው። ቀድሞ የከፈለ ሰው ወረፋ ጠብቆ፣ ተመርምሮ፣ በመጨረሻ ባዶ ወረቀት ይዞ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ሲሄድ ቢናደድ ይገባዋል። ሌላው ደግሞ የአቀባበሉ ነገር ነው፤ እጁ ላይ ብር የያዘው በፈገግታ፣ መታወቂያ የያዘው በግልምጫ ይስተናገዳል የሚል ወቀሳ ከብዙ አባላት ይሰማል። ይህ ካርድ ገዝቶ ፓርኩ በር ላይ ሲደርስ «ዛሬ ግማሹ ዝግ ነው» ከመባል የባሰ ነው፤ ፓርኩ ሌላ ቀን ይደረሳል፣ ሕመም ግን አይጠብቅም።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ቅሬታ ሰው ይሸሻል ወይ? በሙከራ ወረዳዎቹ እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2013 አባወራዎችን የተከታተለ ጥናት ነበር። በተጀመረ በዓመቱ ከመቶ 41ዱ አባል ሆኑ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከ48 በላይ ደረሱ። ከመጀመሪያዎቹ አባላት ውስጥ ከመቶ 82ቱ አባልነታቸውን አደሱ። ስለ አገልግሎቱ ጥራት ቅሬታ እንደነበራቸው ጥናቱ አልደበቀም። ያደሱት እያማረሩ ነው ማለት ነው። እኔ ይህን እንደ ሞኝነት አላየውም፤ አስቦ የመረጠ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው። የመድኃኒቱ መጉደል ያናድዳል፣ ቀዶ ጥገናው ግን ተሸፍኗል።

የሚያናድደውን ችሎ መቀመጥም ግን አይገባም። አባል መሆን የመጠየቅ መብት ይሰጣል። የወረዳው ጤና መድን ጽሕፈት ቤት አለ፣ ቦርድ አለ፣ የአባላት ጠቅላላ ጉባኤ አለ። መድኃኒት ከውጭ ስትገዙ ማዘዣውንና ደረሰኙን አትጣሉ፤ ይዛችሁ ሂዱና ይተካ እንደሆነ ጠይቁ፤ ባይተካም የጠፋው መድኃኒት ስሙ መዝገብ ላይ ይስፈር። ጉባኤ ሲጠራ ደግሞ «ሥራ አለብኝ» ብሎ መቅረት የራስን ገንዘብ ለሌላ ሰው አስረክቦ ዞር እንደ ማለት ነው።

የፓርኩ ሂሳብ ሌላም ጉዳት አለው። «ከፍያለሁና ላካክሰው» የሚል ሰው አለ። መስከረም ላይ ትንሽ ጉንፋን ሲይዘው፣ ራሱን ወጋ ሲያደርገው፣ በመታወቂያው ሄዶ መድኃኒት ሸክፎ ይመለሳል፤ ግማሹን ሳይወስደው ጣሪያ ሥር ይሰካዋል። ለፓርኩ ባቡር ቢሆን ምንም አይደል፤ ደጋግሞ ይሣፈር። መድኃኒት ግን ያለ ሕመም ሲወሰድ ራሱ ሕመም ያመጣል፤ ጸረ ተዋሲያን የሆነውማ ያለ አግባብ ሲለመድ በኋላ ሲፈለግ አይሠራም። ሣጥኑም የጋራ ነው። በእናንተ እጅ ባዶ የሆነው መደርደሪያ ለምጥ የመጣችውን ጎረቤት «ከውጭ ግዢ» ያስብላታል።

በተቃራኒው ደግሞ መታወቂያው እያላቸው «ይሻለኝ ይሆናል» ብለው ልጅ ሲያተኩሰው ሦስትና አራት ቀን ቤት የሚያስተኙ አሉ። የዓመት ካርዱ እውነተኛ ጥቅም ለእነዚህ ነው፤ ብር ፍለጋ ሳይዘገዩ በመጀመሪያው ቀን ጤና ጣቢያ መድረስ።

ስለ ውሉም ጥቂት ልበል፤ መቼም የገዙትን ነገር ምንነት አለማወቅ ኋላ ያጣላል። መድኑ ሁሉን አይሸፍንም። ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ መነጽር፣ ለቁንጅና የሚደረግ ቀዶ ጥገና የለበትም። በጤና ጣቢያ ሳያልፍ፣ ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ሰውም ሙሉ ሽፋን አገኛለሁ ብሎ አይተማመን፤ ከድንገተኛ አደጋ በስተቀር ደረጃውን መጠበቅ ያስፈልጋል። አዲስ የተወለደ ልጅ፣ አዲስ የገባች ሙሽራ መዝገቡ ላይ መስፈራቸውን አረጋግጡ። ዕድሜው የደረሰ ልጅ በቤተሰቡ ስም እስከ መቼ እንደሚታከም፣ ዘግይቶ ያደሰ ሰው ከስንት ቀን በኋላ አገልግሎት እንደሚያገኝ፣ ያላችሁበት ወረዳ ሪፈሩ የትኞቹ ሆስፒታሎች ድረስ እንደሚሄድ፣ ከመክፈላችሁ በፊት መዝጋቢውን ፊት ለፊት ጠይቁት። እሱ ካላወቀ ጽሕፈት ቤቱን ይጠይቅላችሁ። ስትከፍሉ ደረሰኝ ተቀበሉ። መታወቂያው ላይ የዘንድሮ እድሳት መመታቱን በዓይናችሁ እዩ፤ የማታነቡ ከሆነ ተማሪ ልጃችሁ ያንብብላችሁ።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። የመዝናኛ ፓርክ ካርድን በተመለከተ፣ ዘመዶቻችሁ ከአሜሪካ ደውለው ምክር ቢጠይቁ እንዲህ በሏቸው፤ ባለፈው ዓመት የሄዳችሁበትን ቁጥር ያዙ፣ ዘንድሮ እንሄዳለን የምትሉትን ተዉት፤ ባለፈው ዓመት ቁጥር ካላዋጣ አትግዙ። ጤና መድኑን በተመለከተ ግን ያለፈውን ዓመት ቁጥር ጨርሶ አታስቡት። በሬ ሳይሸጥ፣ አራጣ ሳይበደር፣ መሬት ሳያከራይ ድንገተኛ ሕክምና መክፈል የሚችል ቤት ካለ ይቅርበት፣ ምንም አይደለም። እንዲህ ያለ ቤት በመርሐ ቤቴ ገጠር በጣት የሚቆጠር ነው። ሌላው ሁሉ ቢያድስ ይሻለዋል፤ እያማረረም ቢሆን።

አንድ ነገር ልጨምርና ልሰናበት። መዋጮውን ፈጽሞ መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች መንግሥት ከፍሎላቸው አባል የሚሆኑበት አሠራር አለ። የሚመረጡት ደግሞ በቀበሌ፣ ሰው በተሰበሰበበት ነው። በመንደራችሁ ጧሪ የሌላት አሮጊት፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት፣ አካል ጉዳተኛ አባወራ ካለ፣ እነሱ ስብሰባ ላይ ላይገኙ፣ ቢገኙም አፍረው ላይናገሩ ይችላሉ። የዘንድሮው ዝርዝር ከመጽደቁ በፊት ስማቸውን እናንተ አንሱላቸው።